ኸኮመን

ባለቤቴ ኔዘርላንድ ነበርና እሱ ጋ ለመሄድ የቋንቋ ፈተና ማለፍ ነበረብኝ። ያን ክረምት ዘመሮ በሚባለው ደጋ አገራችን፣ አባቴ ቤት ተቀምጬ ባለቤቴ በላከልኝ ካሴትና መጽሐፍ ደችኛ አጠና ነበር። ጉሙ እደጃችን ድረስ ይገባል፤ በጎቹ ሳይታዩ ድምፃቸው ብቻ ይሰማል። እናቴ የበግ ጠጉር ትፈትላለች፣ እኔ ያለፈ ጊዜ ግሶችን እደጋግማለሁ። አብዛኞቹ ከፊታቸው «ኸ» ጨምረው ያልፋሉ። አንዳንዶቹ ግን ሕግ የላቸውም። «ዛይን»፣ ማለትም «መሆን»፣ ሲያልፍ «ኸዌስት» ይሆናል፤ ከራሱ ምንም አይተርፈውም። እንዲህ ያሉትን እንደ ዳዊት በቃል መያዝ ብቻ ነው።

አንድ ቀን አባቴ እሳት እየሞቁ፣ «ይኸ ኮመን የሚሉት አገር ወዴት ነው?» አሉኝ።

«የቱ ኮመን፣ አባዬ?»

«ጧት ማታ ኸኮመን፣ ኸኮመን ትያለሽ።»

ለካ እሳቸው «ከቤት» ለማለት «ኸቤት» ስለሚሉ፣ «ከኮመን» የምል መስሏቸዋል። እናቴ እንዝርቷን ይዛ ሳቀች።

«አገር አይደለም። መጣ ማለት ነው» አልኳቸው።

«ሄደስ?»

«ኸኻን።»

ቃሉን ቀስ ብለው ለራሳቸው አሉት። ቆይተው፣ «ተመለሰስ?» አሉኝ።

እዚያ ገና አልደረስኩም ነበር። መጽሐፉን ገልጬ አገኘሁት፤ ያው «መጣ» ከፊቱ አንድ ቁራጭ ተጨምሮበት ነው። «ተሩኽኸኮመን» ብዬ አነበብኩላቸው።

«እሱን ደኅና አድርገሽ አጥኚው» አሉና ወደ እሳቱ ዞሩ።

ፈተናውን አልፌ ስሄድ ጉሙ ተገፎ፣ ገብሱ አሽቶ ነበር።