ሦስቱ ከጮቄ ጀርባ ሲገቡ

አያ አንሙትን ከደወላቸው ያስነሣኋቸው እኔ ቄስ ውበቱ ነኝ። ማንም አላዘዘኝም። ከስድስት ዓመት በፊት ከቁይ ገበያ ሞባይል ገዝቼ መጣሁና፣ «ከእንግዲህ በኮከብ መንቃት ቀረ፤ ይኸው ይጮኽልናል» አልኩ። ሰው ሳቀ። አያ አንሙትም አብረው ሳቁ። አሁን ሳስበው እንዴት እንዳስከፋኋቸው ይገባኛል።

እኒህ ሰው ቄስም ዲያቆንም አይደሉም፤ ገብስና ስንዴ የሚያርሱ ገበሬ ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት ግን የአጥቢያችንን የሌሊት ደወል የደወሉት እሳቸው ነበሩ፤ ያውም ያለ ሰዓት። በበጋ የሚመሩት የትምህርት ቤት ልጆች ኦሪዮን በሚሉት የከዋክብት ስብስብ ነው። እሳቸው ግን «ሦስቱ» ይሏቸዋል፣ መሐል ላይ ተሰልፈው ስለሚታዩት ሦስት እኩያ ከዋክብት። ልጅ ሳለሁ አንድ ጊዜ አሳይተውኝ ነበር። «ቀዩን ከወዲህ፣ ነጩን ከወዲያ ያዝ። በመካከላቸው በአንድ ገመድ እንደ ታሰሩ በቅሎዎች የቆሙት እነሱ ናቸው።» በኅዳር ሚካኤል ከአናት ጥቂት ዘንበል ሲሉ፣ ከጥምቀት በኋላ ደግሞ ከጮቄ ተራራ ጀርባ ሲገቡ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣ የደወሉ ሰዓት ነው። በየሁለት ሳምንቱ አንድ ሰዓት ያህል ይቀድማሉ፤ ይህን ሁሉ አያ አንሙት በልባቸው ያሰሉታል። እኔ አልተማርኩትም። ሞባይል ያለው ሰው ሰማይ ምን ያደርግለታል?

ዘንድሮ መብራት ጠፋ። ይመጣል፣ ይመጣል ስንል ሦስት ወር ሆነው። ሶላር የነበረው አንድ ነጋዴ ቤቱን ዘግቶ ደብረ ማርቆስ ገባ፤ የእኔም ሞባይል ሞቶ ሣጥን ውስጥ ተቀመጠ። ጥምቀት ካለፈ በኋላ አንድ እሁድ እኛ ካህናቱ ቤተ ክርስቲያን የደረስነው ፀሐይ ከወጣች ወዲያ ነው። ምእመኑ ደጅ ቆሞ ያየን ነበር። በማግስቱ እፍረቴን ዋጥ አድርጌ አያ አንሙት ቤት ሄድኩ።

«አያ፣ እንደ ድሮው ይደውሉልን» አልኳቸው።

ሚስታቸው ማንጠግቦሽ ሥራቸውን ትተው ቀና አሉ።

«እሺ፣ አባ» አሉ አያ አንሙት። «ከስድስት ዓመት በኋላ ፈለጋችሁኝ።»

ያን ቀን ዓይናቸውን ልብ ብዬ ማየት ነበረብኝ። ሁለቱንም ሞራ ሸፍኗቸዋል። ቀን ቀን ብርሃንና ጥላ ይለያሉ፣ ሰውን በድምፁ ያውቃሉ፤ ሌሊት ግን ምንም አይታያቸውም። ይህን ከማንጠግቦሽ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። የሆነውን ሁሉ ለእኔም የነገሩኝ እሳቸው ናቸው፣ ነገሩ ካለፈ በኋላ።

በዚያ ሳምንት አያ አንሙት አራት ሌሊት ደጅ ቆመው ሚስታቸውን አስተማሩ።

«ቀዩ ታየሽ?»

«ቀይ የሚመስል አለ።»

«ከሱ ማዶስ፣ ነጩ?»

«ነጭማ ሁሉም ነጭ ነው።»

«ሦስቱስ?»

«እኔ እንደሆን የትም ብመለከት ሦስት ነው የሚታየኝ።»

አያ አንሙት የሚስታቸውን እጅ ይዘው ወደ ሰማይ ይቀስራሉ፤ ጣቱ የት ላይ እንደሚያርፍ ግን ራሳቸው አያዩም። በአራተኛው ሌሊት መሬት ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱ። ማንጠግቦሽ፣ «ይቅርብዎ፣ እውነቱን ይንገሯቸው» አሏቸው።

«እሱን ከነገርኳቸው እኔ ምን ቀረኝ?» አሉ አያ አንሙት።

ለእሁድ አጥቢያ ሁለቱ ተያይዘው ወጡ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ማንጠግቦሽ በጮቄ ጫፍ ላይ ሦስት ትንንሽ ከዋክብት ተጠጋግተው አዩ። ባላቸው ሲንቀጠቀጡ እያዩ ብዙ መመርመር አልቻሉም።

«ደርሰዋል» አሉ።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ሦስት ናቸው።»

አያ አንሙት በሚስታቸው ትከሻ ተመርተው ሄዱና ደወሉን ደወሉ። ድምፁ ያው የድሮው ነበር፤ አጥቢያው በሙሉ ተነሣ። እኔ እንቅልፍ እንዳልጠገብኩ ተሰምቶኛል፤ ግን ቄስ መቼ እንቅልፍ ጠግቦ ያውቃል? ቀና ብዬ ሰማዩን አየሁት። ሰማዩ በኮከብ ሞልቷል፣ ለእኔ የሚነግረኝ ግን አልነበረም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ፤ ገባንና ኪዳን አድርሰን ቀደስን። ሕፃናቱ ቆረቡ፣ ሕዝቡ ተሰናበተ።

ወጥተን ብናይ ድቅድቅ ጨለማ ነው። ይነጋል ብለን ቆምን። አልነጋም። ሕፃናት ከብርዱ የተነሣ ያለቅሳሉ፤ ጅብ እየጮኸ ማን ወደ ቤቱ ይሂድ? አንዲት ሴት ክንዴን ይዛ፣ «አባ፣ ፀሐይ ምን ሆነች?» አለችኝ። እውነት ለመናገር እኔም ፈርቼ ነበር።

አያ አንሙትን ልጠይቅ ወደ ደወሉ ሄድኩ። ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ አዙረው ቆመዋል፤ በሁለት እጃቸው ዓይናቸውን ያሻሉ።

«ቅዳሴው አለቀ አይደል፣ አባ?»

«አለቀ።»

«እንግዲያ ነግቷል።» እጃቸውን ከዓይናቸው አወረዱ። «እኔ ግን ብርሃኑ አልታይ አለኝ። እስከ ትላንት ቀን ቀን ትንሽ ነበረችኝ። እሷም ሄደች።»

ዓይናቸው እንደጠፋ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ደወሉ ያለ ሰዓቱ ተደውሎ ጨለማው ውስጥ ለምን እንደቆምንም ገባኝ። ነግቷል ብላቸው ፈጽመው እንደታወሩ ያምናሉ። አልነጋም ብላቸው ደግሞ በሠላሳ አንድ ዓመት ያገኙት ስም ይፈርሳል።

«አልነጋም፣ አያ» አልኳቸው። «ለሁላችንም ጨለማ ነው።»

«አልነጋም?» አሉ። «ተመስገን፣ ዓይኔ አለች።» አማተቡ።

ደስታቸው ከዚያ አላለፈም። ከግቢው የሕፃናቱን ልቅሶ ሰሙ፣ የሽማግሌዎቹን ሳል ሰሙ። ያማተቡበት እጅ ደረታቸው ላይ ቀረ።

«ስንት ሰው አለ?»

«ሁሉም አለ።»

«ይምሩኝ» አሉ።

እጃቸውን ይዤ ሕዝቡ ፊት አቆምኳቸው። «ኮከቡን አላየሁትም» አሉ። «ዓይኔ ከጠፋ ሁለት ዓመቱ ነው። ዋሸኋችሁ።» ማንጠግቦሽ ከሴቶቹ መካከል ወጥተው፣ «ያሳሳትኳቸው እኔ ነኝ» አሉና ከባላቸው ጎን ቆሙ።

እኔ በሌላ ጎናቸው ነበርኩ፣ እጃቸውን እንደያዝኩ። የእኔ ድርሻ ምን እንደሆነ ልናገር አፌን ከፈትኩ። እስኪነጋ ሦስት ሰዓት ያህል ቆምን፤ አንድ ቃል አልወጣኝም።