ጋሽ ሻንካ «ገብታለች» ያሏት ኳስ

የጋሽ ሻንካን መርዶ ሰፈራችን ሲቀላ ድረስ ያመጣው፣ ደርግ ከወደቀ በኋላ ከሰሜን በእግሩና በልመና የተመለሰ የካምባ ወታደር ነው። ያኔ ከግንባር የመጣ ሰው ሁሉ ይጠየቅ ነበርና እኛም ጠየቅነው። «ሸማኔው በረኛ? ካለፈው ክረምት በፊት አርፈዋል። ጥይት አይደለም፤ ተቅማጥ ነው» አለን። መቃብራቸው የት እንደሆነ ግን አያውቅም። የምናለቅስበት መቃብር ስለሌለ፣ ለምታውቋቸው ሁሉ ይህን ጽፌያለሁ። ክር የማቀርብላቸውና ጋቢያቸውን የምሸጥላቸው ነጋዴ እኔ ነበርኩ፤ እሑድ እሑድ ደግሞ ከፊታቸው የምሰለፍ ተከላካይ።

ጋሽ ሻንካ የጋሞ ደጋ፣ የኦቾሎ ሰው ናቸው። ሳምንቱን እግራቸውን ሸማ ጉድጓድ ውስጥ ከትተው መወርወሪያ ከቀኝ ወደ ግራ ሲያቀባብሉ ይውላሉ። እሑድ ከሰዓት የቀበሌያችንን ጎል ይጠብቃሉ። መወርወሪያ ጥሎ የማያውቅ እጅ ኳስም አይጥልም ነበር። ከመስቀል እስከ ፋሲካ አንድ ጎል አልተቆጠረባቸውም። እንዲያውም ይዘዋት ያመለጠቻቸው ኳስ እንኳ አልነበረችም። ሥራ ስላነሳቸው እንዳይመስላችሁ፤ ተከላካዩ እኔ ነበርኩ። አጥቂ ባለፈኝ ቁጥር «አይዞህ፤ አንተ ሰላም በለውና ላከው፣ እኔ እቀበለዋለሁ» ይሉኝ ነበር።

አንድ ጊዜ የጨንቻ አጥቂ ከእሳቸው ጋር ተጋጭቶ ትከሻው ወለቀ። ቤታቸው ወስደው፣ ወጌሻ አስጠርተው፣ እስኪሻለው ቆጮና አይብ እያበሉ አስቀመጡት። «ጋሽዬ፣ ባላጋራ ይቀልባሉ?» ስንላቸው «ባላጋራዬ የሚሆነው ትከሻው የዳነ ቀን ነው» አሉ።

ዘመኑ የአፈሳ ዘመን ነበር። ጨው ሊገዛ የወጣ ሰው ለግንባር ይጫናል። የቀበሌው ሊቀ መንበር ግን ያልተደፈረውን ጎል እንደ ራሱ ሥራ ለአውራጃው ሪፖርት ያደርግ ስለነበር ጋሽ ሻንካን አስቀራቸው። አንድ እሑድ በሁላችን ፊት «ስማ ሸማኔ፣ ጎልህ እስካልተደፈረ ማንም አይነካህም። የተደፈረ ዕለት ግን ሄደህ ግንባር ትጠብቃለህ» አላቸው። እኛ ሳቅን፤ እሱ አልሳቀም። ባለቤታቸው እትዬ ማርታም አልሳቁም፤ ነፍሰ ጡር ነበሩ።

ፋሲካ ባለፈ በሳምንቱ ከካምባ ቡድን ጋር ገጠምን። ጎላችን ሁለት የባሕር ዛፍ ቋሚ ነው፤ መረብ የለውም። ኳሷ በቋሚው በውስጥ ትለፍ በውጭ ዳኛው ካላየ፣ በእኛ ሜዳ ልማድ በረኛው ይጠየቃል፤ ያለውም ይጸናል። በጋሞ ዘንድ ውሸት ጎሜ ነውና። ጎሜ ነውር ነው፤ ቅጣቱ አጥፊውን አልፎ ልጁን፣ ከብቱን፣ ማሳውን ይመታል። ስለዚህ ማንም በረኛ የተናገረውን አይጠራጠርም።

ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ከአቧራው መሐል አንዲት ኳስ መጣች። ጋሽ ሻንካ ተወረወሩ፤ በጣታቸው ጫፍ ነኳት፤ ቋሚውን ታክካ አለፈች። «ወጥታለች! ወጥታለች!» ብለን ጮኽን፤ የእኔ ድምፅ ከሁሉ በልጦ ነበር። ካምባዎቹ ራሳቸው እርግጠኛ አልነበሩም። ዳኛው ከመሐል ሜዳ እየሮጠ መጥቶ «ጋሽ ሻንካ፣ ምን ይላሉ?» አላቸው።

ሊቀ መንበሩ ከመስመሩ ዳር ወንበር ላይ ተቀምጧል። ጋሽ ሻንካ ወደ እሱ አላዩም።

«ገብታለች» አሉ።

«ጋሽዬ፣ ምን ነካዎት? ማን አየ?» ብዬ ተጠጋኋቸው።

«እኔ አይቻለሁ።»

ቤታቸው ስንደርስ እትዬ ማርታ አላለቀሱም። «አንተ ጎሜ ትፈራለህ። እነሱ ምን ይፈራሉ?» አሏቸው።

«እነሱ የፈለጉትን ይፍሩ። በሆድሽ ያለው ልጅ የእኔ ነው» አሉ ጋሽ ሻንካ።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ከሸማ ጉድጓዳቸው አውጥተው ጫኗቸው። ሊቀ መንበሩ ሌላ በረኛ አመጣ። ቀጥሎ በመጣው እሑድ የገባብንን ጎል መቁጠር ስላቃተን ተውነው፤ ሪፖርቱም ከዚያ ወዲያ ስለ ስፖርት አላወራም።

ልጅቷ በሰላም ተወለደች። እትዬ ማርታ በዚህ ተጽናንተዋል ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ፤ ግን አልተጽናኑም። ጸሎት ቤት ሲዘመር አብረው አይዘምሩም።

ጋሽ ሻንካ፣ የት እንደተኙ ባላውቅም ይስሙኝ። ነጋዴ ነኝ፤ ኪሳራ ሳይ አውቀዋለሁ። ያቺ ቃል አክስራዎታለች ብዬ ስንት ዓመት ተናድጄብዎታለሁ። መርዶው የተነገረ ሰሞን ልጅዎ ሱቄ መጥታ «አባቴን ለምን ወሰዱት?» አለችኝ። ነገርኳት። አሰበችና «ኳሷ ግን ገብታ ነበር?» አለችኝ። ለደንበኛ ስንት ውሸት ነግሬ አውቃለሁ፤ ለእርስዎ ልጅ ግን «ገብታ ነበር» አልኳት። ራሷን ነቀነቀችና ልትጫወት ሄደች። መልኳ የእናቷ ነው፤ ጤነኛ ናት። ይህን ሳይሰሙ መሄድዎ ይቆጨኛል። ይረፉ፣ ጋሽዬ።