ሴት የማትሳፈርበት ጀልባ

ሐሙስ፣ ከኢስት ዮርክ መነሻ

በስመ ሥላሴ ብዬ ቶሮንቶ፣ ስካርቦሮ ካለው ቤቴ የወጣሁት ከሰዓት በኋላ ነው። አንድ ትንሽ ሻንጣ፣ ውዳሴ ማርያሜንና በፌስታል የቋጠርኩትን ቆሎ ይዤ በሁለት አውቶቡስ ኢስት ዮርክ፣ ከምሠራበት ቤት ደረስኩ። የሐዋርያት ጾም ስለሆነ በመንገድ የሚገኘውን ምግብ አላምነውም፤ ቆሎ ግን የትም አገር ቆሎ ነው።

ጉዞው የራሴ አይደለም። በሥራዬ የምንከባከባቸው ወይዘሮ ኖራ የተወለዱበትን መንደር ለማየት ወደ አየርላንድ ሊሄዱ ነው። ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ ያለ ሰው ስለማይንቀሳቀሱ ልጃቸው ብራየን አብሬያቸው እንድሄድ ለመነኝ። እሱ እናቱ አገር ናፍቋቸው ይመስለዋል። እኔ ግን ለምን እንደሚሄዱ አውቃለሁ፤ ጠዋት ጠዋት እግራቸውን ሳሽላቸው ሲያወሩልኝ የኖሩት ስለዚያው ነው።

መንደራቸው ወንዝ ዳር ነው። ሰዉ ሳልሞን የሚያጠምደው ጥንድ ጥንድ ሆኖ ነበር። ሁለት ጠፍጣፋ ጀልባዎች አንድ መረብ በመካከላቸው ዘርግተው፣ ጎን ለጎን፣ ከውሃው ጋር ይወርዳሉ። በየጀልባው ሁለት ሰው አለ፤ አንዱ መረቡን ይይዛል፣ አንዱ ይቀዝፋል። አንዷ ጀልባ ከቀደመች መረቡ ይታጠፍና ዓሣው ያመልጣል። ሴት ደግሞ ጀልባ ላይ አትወጣም። ገደ ቢስ ናት ይባላል። ጎህ ሲቀድ በመንገዱ ሴት ያጋጠመችው አጥማጅ መረቡን ይዞ ወደ ቤቱ የሚመለስበት ጊዜ ነበር አሉኝ።

የኖራ አባት በዚህ ይስቁ ነበር። ለወንድ ልጃቸው ለማይክል የሚቀዝፍለት ሰው ሲጠፋ እኅቱን ኖራን ጀልባው ላይ አስቀመጧቸው። ገና ኮረዳ ነበሩ። ስለዚያ ጊዜ ሲያወሩ ፊታቸው ይለወጣል፤ መረቡ ሲነከርበት የነበረውን የቅጥራን ሽታ፣ ዓሣው መረቡን ሲመታ በጉልበታቸው እስኪሰማቸው ድረስ የሚነዝረውን የጀልባ ወለል ይነግሩኛል። ከዚያ አንድ የጸደይ ቀን ወንዙ ሞልቶ አባትየው ከሌላኛው ጀልባ ወደቁ፤ ቶሎ አልተገኙም፣ ሲገኙም በሕይወት አልነበሩም። በቀብሩ ዕለት ማይክል በሰው ሁሉ ፊት፣ «ሴት ጀልባ ላይ ባትወጣ ኖሮ አባቴ አይሞትም ነበር» አለ። ኖራ ብዙ ሳይቆዩ ወደ ካናዳ ተሻገሩ። ከዚያ ወዲህ ወንድምና እኅት ደብዳቤም ድምፅም ተለዋውጠው አያውቁም።

«ይቅርታ እንዲለኝ አይደለም» ብለውኛል ወይዘሮ ኖራ። «ያንን ቃል ከላዬ እንዲያነሳው ነው። ካላነሳው ይዤው ልቀበር ነው።»

እኔም አንድ ጊዜ፣ እኛ አገር ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል ብዬ ተርጉሜላቸው ነበር። እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። «እኔ እንግዲህ ሁለቱንም ይዣለሁ» አሉኝ።

አርብ፣ መንገድና መንደር

አውሮፕላኑ ሌሊቱን ውቅያኖሱን አቋርጦ ጠዋት ደብሊን አወረደን። ወይዘሮ ኖራ ተኝተው ነበር፤ እኔ ውዳሴዬን ደግሜ ደጋግሜ አደረስኩ። ከአውሮፕላን ጣቢያው ወደ ዋተርፎርድ የሚሄድ አውቶቡስ ያዝን። መንገዱ ጠባብ፣ አጥሩ ድንጋይ፣ መስኩ አረንጓዴ ነው፤ በየመስኩ በጎች አሉ፣ እረኛ ግን አላየሁም። መሀል ላይ ስንቆም ለአንድ ሻይና ለአንድ ደረቅ ዳቦ አራት ዩሮ ጠየቁኝ። ሻዩ ግን እንደኛው ጠቆር ያለ፣ ሰው የሚያነቃ ሻይ ነው።

ከዋተርፎርድ በታክሲ መንደሩ ገባን። አንድ መንገድ፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ ወደ ወንዙ የሚወርድ የድንጋይ ደረጃ። ወንዙ ሰፊ ነው፣ መልኩ ቡና በወተት ይመስላል፤ ባሕሩ ቅርብ ስለሆነ በቀን ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ ይፈስሳል። ይህን ባይኔ እስካይ ድረስ ለወይዘሮ ኖራ አላመንኳቸውም ነበር። በሣሩ ላይ የተገለበጡ ጀልባዎች አየሁ፤ በሥራቸው ሳማ በቅሏል። ሳልሞኑ እየተመናመነ ስለሄደ መንግሥት መረብ ከከለከለ ጥቂት ዓመታት ሆኖታል።

ያረፍንበትን ቤት የያዘችው ብሪጂድ የምትባል ሞላ ያለች ሴት ናት። ወይዘሮ ኖራ በስልክ «አብራኝ የምትመጣው ጾመኛ ናት» ብለዋት ኖሮ፣ ማታ ትልቅ ሳህን ይዛ ፈገግ ብላ መጣች። ሳህኑ ላይ በቅቤ የተጠበሰ ዓሣ። በእነሱ ዘንድ የጾም ምግብ ማለት ዓሣ ነው። የኔ የንስሐ አባት ደግሞ በጾም ዓሣም አይፈቅዱም፤ ቅቤውንማ ተዉት። ፊቴን ስታይ ደነገጠች። ነገሩን ቀስ ብዬ አስረዳኋት።

«የማን ጾም ነው ያልሽኝ?»

«የሐዋርያት።»

«የነጴጥሮስ?» አለች፣ ሳህኑን እንደያዘች ወደ ወይዘሮ ኖራ ዞራ። «ሰውዬው ዓሣ አጥማጅ አልነበረም እንዴ?»

ወይዘሮ ኖራ በሳቅ ፈረሱ። እኔም ሳቄ መጣ። ድንች ቀቀለችልኝ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ እስክሄድ ድረስ ድንች በላሁ። ድንቻቸው እንደ ዳቦ የሚፈረፈር ነው፣ በጨው ብቻ ይጣፍጣል።

ስለ ማይክል ያወራችንም ብሪጂድ ናት። ባለቤት የለው፣ ልጅ የለው፣ ከደረጃው አጠገብ ባለችው ነጭ ቤት ቁጭ ብሎ ማንም የማይጥለውን መረብ ይጠግናል አለች። ወይዘሮ ኖራ በመስኮት የቤቱን ጭስ ማውጫ አዩ።

ቅዳሜ፣ ነጩ ቤት

ጠዋት ልብሳቸውን ከለበሱ በኋላ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡና አልሄድም አሉ። በሩን በሰው ፊት ቢዘጋብኝስ አሉ። ያን ሁሉ ባሕር ተሻግረው መቶ እርምጃ አቃታቸው። እኔም አልፈረድኩባቸውም። እኛ ዘንድም የተጣላ ሰው ራሱ አይሄድም፣ ሽማግሌ ይላካል። ሽማግሌ በሌለበት እኔ ልሁን ብዬ ነጠላዬን ለብሼ ወጣሁ።

አቶ ማይክል ረጅም፣ ትከሻው የጎበጠ ሽማግሌ ነው። የመረብ መስፊያ በእጁ እንደያዘ በሩን ከፈተልኝ፤ ማን እንደሆንኩ ሳይጠይቅ ግቢ አለኝ። ወንበር ሳበልኝ። አልተቀመጥኩም። ሻይ ልቅዳልሽ አለኝ፤ አይ፣ እግዜር ይስጥልኝ አልኩ። አንባቢዎቼ ታውቁታላችሁ፤ ለእርቅ የሄደ ሰው ጉዳዩን እሺ ካላሉት አይቀመጥም፣ እህል ውሃም አይቀምስም። አክብሮት ነው። እኔም እጄን አጣጥፌ፣ አንገቴን ደፍቼ፣ በነጭ ነጠላዬ መሀል ቤት ቆምኩ።

«ወንበሩ ንጹሕ ነው» አለኝ።

«አውቃለሁ ጌታዬ። አስቀድሜ የመጣሁበትን ልንገርዎ። ስለ እኅትዎ ስለ ኖራ ነው።»

መስፊያው ከእጁ ወደቀ። ፊቱ አመድ መሰለ። የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘና፣

«መቼ?» አለኝ።

አልገባኝም። «ምኑ?»

«መቼ ሞተች?»

ብሪጂድ ኋላ እንዳስረዳችኝ፣ በዚያ መንደር ቤት ገብቶ አልቀመጥም የሚል እንግዳ የሚያመጣው መርዶ ብቻ ነው። የአባታቸው አስከሬን የተገኘ ዕለት ወሬውን ያመጣው ሰውም ወንበር ሲሳብለት አልተቀመጠም ነበር። እኔ ያከበርኩት መስሎኝ የሰውዬውን ልብ ላቆም ነበር።

«አልሞቱም» አልኩት ቶሎ ብዬ። «እዚሁ ናቸው፣ ብሪጂድ ቤት። ቁርስ በልተው በመስኮት የእርስዎን ጭስ ማውጫ እያዩ ነው።»

ለእኔ በሳበው ወንበር ላይ ራሱ ተቀመጠ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ትከሻው ሲነሳና ሲወድቅ አያለሁ። ከዚያ በቁጣ፣

«ታዲያ ለምንድነው የማትቀመጪው?» አለኝ።

«ወንበሬን እኮ ወሰዱት» አልኩት።

በአፍንጫው ሳቅ የመሰለ ነገር አወጣ። ሌላ ወንበር አመጣልኝ፤ እኔም ደንቤን ትቼ ተቀመጥኩ። ወይዘሮ ኖራ የሚፈልጉትን በቃላቸው ነገርኩት። ይቅርታ ሳይሆን ያንን ቃል ማንሳት። ሰማኝ፤ እሺም እምቢም አላለኝም። ስወጣ በሩ ላይ ቆሞ የነገረኝ ነገር ቢኖር፣ ነገ ቄሱ ጀልባዎቹን ይባርካሉ፣ እኔ ግን ቀዛፊዬ ከሞተ ወዲህ ወርጄ አላውቅም የሚል ነው። «ይህን ንገሪያት» አለኝ።

ሽምግልናዬ እንዳልተሳካ እያሰብኩ ተመለስኩ። ወይዘሮ ኖራ ግን የመጨረሻዋን ቃል ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። ከዚያ ሻንጣውን ክፈቺና ሱሪዬን አውጪልኝ አሉ። ሱሪ ለብሰው አይቻቸው አላውቅም።

እሑድ፣ ደረጃው ላይ

ጸሎቴን በክፍሌ አድርሼ፣ ወይዘሮ ኖራን ደግፌ ከሕዝቡ ጋር ወደ ወንዙ ወረድኩ። መረብ ቢከለከልም የጀልባ ቡራኬውን አልተዉትም። ውሃው ሞልቶ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ወዲህም ወዲያም አይፈስስም። ቄሱ ጠበል ይረጫሉ፣ ጀልባዎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው እስከ መታጠፊያው ወርደው ይመለሳሉ። የብሪጂድ ባል ጀልባ ግን ጥንድ አጥታ ቆማለች።

በመጨረሻ ማይክል ብቻውን ጀልባውን እየገፋ መጣና ደረጃው ሥር ያዛት። ቀና ብሎ እኅቱን አየ። ከኋላዬ አንድ ሽማግሌ፣ «ማይክል፣ ጀልባ ላይ ሴት ልታወጣ ነው?» ሲል ሰማሁ።

ማይክል ድምፁን ከፍ አድርጎ ለሁሉም ተናገረ።

«አባታችንን የወሰደው ወንዙ ነው። እሷ አይደለችም። በቀብሩ ዕለት ያልኩትን የሰማ ሰው በሕይወት ካለ፣ ይህንንም ይስማ።»

ከዚያ ወደ እሳቸው ዞረና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ነይ ውረጂ ኖራ፣ ውሃው አይጠብቅሽም» አላቸው።

እኔና የብሪጂድ ባል በብብታቸው ይዘን አወረድናቸው። እመቤቴን እየጠራሁ ነበር፤ ያ ዳሌ ቢነካ በማን ላይ ነው? እሳቸው ግን እኔን ረስተውኛል። ተቀመጡ፣ መቅዘፊያውን በግራ በኩል ያዙ፣ አንድ ጊዜ ውሃው ውስጥ ነክረው ሳቡት። በኢስት ዮርክ የማርማላታ ክዳን መክፈት የሚያቅተው እጃቸው ጀልባዋን ያለ አንድ ድምፅ ከደረጃው አላቀቃት። ማይክል ጀርባውን ለእኅቱ ሰጥቶ ፊት ተቀምጧል። የብሪጂድ ባልም ወደ ራሱ ጀልባ ገባ። በመካከላቸው መረብ ሳይኖር ሁለቱ ጀልባዎች ጎን ለጎን ወረዱ፤ አንዷ ከአንዷ አልቀደመችም። አጠገቤ የቆመችው ብሪጂድ አፍንጫዋን በሽርጧ ጠረገች።

መመለስ

ወይዘሮ ኖራ አልተመለሱም። ብርዱ እስኪገባ ከማይክል ጋር እቆያለሁ አሉ፤ ብሪጂድ ጠዋት ጠዋት እግራቸውን እንድታሽ እንዴት እንደሚደረግ አሳየኋት። ስንሰነባበት ግንባሬን ሳሙኝ። ብቻዬን ተመለስኩ።

በዚህ ጉዞ የተማርኩት ይህን ነው። እስከዛሬ እርቅ ሲባል ጓዳ ገብቶ፣ በሩን ዘግቶ መሳሳም ይመስለኝ ነበር። በአደባባይ የተጣለ ቃል ግን በጓዳ አይነሳም፤ የጣለው ሰው እዚያው አደባባይ ተመልሶ ማንሳት አለበት። ለዚህም እግዚአብሔር ዕድሜ ከሰጠው የታደለ ነው።

ብራየን ቶሮንቶ አውሮፕላን ጣቢያ መጥቶ ተቀበለኝ። መኪና ውስጥ ሁሉንም ነገርኩት፤ እናቱ እንድነግረው ፈቅደውልኛል። አያቱ በወንዝ መሞታቸውን አያውቅም ነበር። ልጅ ሳለ እናቱ ሐይቁ ዳር እንኳ ወስደውት አያውቁም፤ ውሃ ይፈራሉ ብሎ ነው ያደገው። ስካርቦሮ ልንደርስ ስንል አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፤ እናቱ ሲቀዝፉ መቅዘፊያውን በየትኛው ወገን እንደሚይዙት።

«በግራ» አልኩት።