የሁለት ሰከንድ ግትርነት

በዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ኦክላንድ ኮሌጅ በገባሁበት ዓመት፣ መምህር ለሚለኝ ሁሉ መልሴ "እሺ" ነበር። ባይገባኝም፣ ባላምንበትም እሺ።

ለክፍል ሥራ የሠራኋት ሮቦት የጫማ ካርቶን ታክላለች። ብርሃን የሚለዩ ሁለት ዓይኖች አሏት። የግራ ዓይኗን ከቀኝ ሞተሯ፣ የቀኙን ከግራው አገናኘሁ፤ መብራት በግራ በኩል ሲበረታ የቀኝ ጎማዋ ይፈጥንና ወደ መብራቱ ትዞራለች። ከፊቷ እንደ ድመት ጢም ሁለት ሽቦዎች ተዘርግተዋል። የግራው ሲነካ ወደ ቀኝ፣ የቀኙ ሲነካ ወደ ግራ ትሸሻለች። ኮምፒውተር የላትም፤ ካርታ አትይዝም፤ እቅድ አታወጣም። የወደድኩላትም ይህንኑ ነበር።

ችግሯ ጥግ ነው። ሁለት ግድግዳ ከሚገናኝበት ስትገባ ግራ ጢሟ ይነካል፣ ወደ ቀኝ ትላለች፤ ቀኙ ይነካል፣ ወደ ግራ ትመለሳለች። እዚያው ስትወዛወዝ ትውላለች።

መምህሩ አይቶ ራሱን ነቀነቀ። "የማታስብ ነገር ከጥግ አትወጣም" አለና ኮምፒውተር ያለበት የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ በካርቶን እንደታሸገ ሰጠኝ። "ማክሰኞ ከጥግ ካልወጣች ሳን ሆዜ ከተማ ለሚደረገው የሮቦት ትርኢት አልወስዳትም።"

እሺ አልኩ። ቤት ስደርስ ግን ካርቶኑን ልከፍት ስል እጄ እምቢ አለኝ።

እሑድ ታክሲ ከሚነዳው አጎቴ ጋር ቴሜስካል ሰፈር ካለ የሐበሻ ምግብ ቤት ምሳ ልንበላ ሄድን። አጎቴ የምግብ ቤቱ በር ላይ ከአንድ ጎረቤቱ ጋር ተገጣጠመ።

"ይግቡ።"

"ኧረ እርስዎ ይቅደሙ!"

"ምን ሲደረግ!"

"በሞቴ!"

አንዱ ሊገባ እግሩን ያነሳና ሌላውን ሲያይ መልሶ ወደኋላ ይላል። ከኋላችን የቆመች ሴትዮ፣ "ኧረ ጌቶቼ፣ እናንተ ስትከባበሩ ክትፎው አለቀ!" አለች። በመጨረሻ አስተናጋጇ መጥታ አጎቴን በእጅጌው ጎትታ አስገባችው። እሱም "ኧረ እርስዎ!" እያለ ገባ፤ ግን አልተመለሰም።

ሮቦቴ ትዝ አለችኝ። የጎደላት ማሰብ አልነበረም። የጀመረችውን ዙር ሳትጨርስ ለሌላኛው ጢም እሺ ትላለች። ልክ እንደ እኔ።

ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም አንድ ካፓሲተርና በኤሌክትሪክ የሚከፈትና የሚዘጋ አንድ ሪሌይ ጨመርኩላት። አንዱ ጢም ሲነካ፣ ካፓሲተሩ የያዘው ኤሌክትሪክ እስኪያልቅ ሁለት ሰከንድ ያህል ሌላኛው ጢም አይሰማም።

ማክሰኞ ካርቶኑን እንደታሸገ መምህሩ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት።

"አልከፈትሽውም?"

"አልከፈትኩትም።"

ሁለት ጣውላ አቁሞ ከበፊቱ የጠበበ ጥግ ሠራ። ሮቦቷ ገባች። ግራ ጢሟ ነካ፣ ወደ ቀኝ መዞር ጀመረች። ቀኙ ጣውላውን ፈተገው፤ አልሰማችውም። ዞረች፣ ዞረች፣ ወጣች።

መምህሩ ጎንበስ ብሎ ሽቦዎቿን መረመረ። ከዚያ፣ "ጥሩ ነው። ግን ሰው ኮምፒውተር ማየት ይፈልጋል። ባይገናኝም ቦርዱን ከላይዋ ለጥፊው" አለኝ።

እሺታው አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

"አይሆንም" አልኩ። "ያለሱ ነው የወጣችው። እንዲሁ ካልሄደች ትቅር።"

ትክ ብሎ አየኝ። ከዚያ ካርቶኑን አንስቶ መሳቢያው ውስጥ ከተተው።

ቅዳሜ ሳን ሆዜ፣ እኔ ሮቦቷን ታቅፌ ከመምህሩ ጋር የትርኢቱ አዳራሽ ደረስን። መምህሩ በሩን ከፍቶ ያዘና "ቅደሚ" አለኝ።

ቀደምኩ።