ከፊደላቸው የሸሹ ምልክቶች

ደብረ ብርሃን ውስጥ ሠናይትን የማያውቅ የለም ብል አጋነንኩ። መናኸሪያው አካባቢ ግን ማመልከቻም ሆነ የቤት ኪራይ ውል ያጻፈ ሁሉ ያውቃታል። እኔ ከጽሕፈት ቤቷ በራፍ ላይ ቆሎ እሸጣለሁ። ሰው የሚያስጽፈውን ጮክ ብሎ ሲነግራት ስለምሰማ፣ ማን ማንን እንደከሰሰ፣ ማን ከማን እንደተፋታ አውቃለሁ። የራሷንም ፍቺ አውቃለሁ፤ እሱን ግን ብትለምኑኝም አልነግራችሁም። አሥራ ስድስት ዓመት እዚያች ወንበር ላይ ተቀምጣ ልጇን ለብቻዋ አሳደገች፣ ይበቃል።

የኔታ ገብረመንፈስቅዱስ አንኮበር አካባቢ ካለ ደብር ዜማ ሲያስተምሩ አርባ ዓመት ሆኗቸዋል። ከመምህራቸው የተቀበሉት፣ ሌላ ቦታ የማይገኝ የዜማ መጽሐፍ አላቸው፤ በእጅ የተጻፈ፣ ጠርዙ የተበላ። ዜማ ደግሞ ከቃሉ በላይ በደቃቁ የሚጻፍ ምልክት አለው። ድምፁ የት እንደሚነሣ፣ የት እንደሚወድቅ የሚናገረው እሱ ነው። ምልክቱ አንድ ፊደል ከሳተ ዜማው ሌላ ሆነ ማለት ነው። ታዲያ የዓይን ሐኪሙ፣ «ዓይንዎ ከዓመት በላይ አይቆይም፣ መድኃኒትም አይመልሰውም» አላቸው። የኔታ ዓይናቸው ሳይጠፋ መጽሐፉን አርመው ሊያሳትሙት ፈለጉ። ለዚህ ነው ሠናይት ዘንድ የመጡት።

ሰባት ወር ጻፈችው። ጨርሳ አዲስ አበባ ላለ ማተሚያ ቤት ላከችው፣ የሙከራው ወረቀት በመኪና መጣላት። ገልጣ አየችው። ከፊደሎቹ ብዙዎቹ ባዶ ሳጥን ሆነዋል። ምልክቶቹ ደግሞ ተንሸራተው፣ የአንዱ ቃል በሌላው አናት ላይ ተቀምጧል።

ማተሚያ ቤቱ ደወለች። ስልኳ ጮክ ስለሚል ሰውየውን ሰማሁት። «የኛ ኮምፒውተር ዓይነቱ ሌላ ነው፣ እርስዎ የተጠቀሙበት የፊደል ዓይነት፣ ፎንቱ፣ እሱ ላይ የለም። ሳጥኖቹን እናስተካክላለን። እነዚያን ደቃቅ ምልክቶች ግን ማን ያያቸዋል? እናትመው?»

ስልኩን ስትዘጋ እኔ ክፉዋ ምን አልኳት፣ «የኔታ እንደሆን እኔን እንኳን የሚለዩኝ በድምፄ ነው። የጉንዳን እግር የሚያህል ነገር አያዩም። ዝም በይና ይታተም።»

«ተማሪዎቹስ፣ እማማ ደመቀች?»

«ተማሪዎቹ ምን ሆኑ?»

«የሚያዜሙት የተጻፈውን ነው። የኔታ ሲያልፉ የሚቀረው የኔ ስሕተት ነው።»

ቆሎዬን ወደ መስፈር ተመለስኩ።

ጥፋቱ የሷም እጅ ነበረበት፤ ራሷ ናት የነገረችኝ። ምልክቶቹን ለብቻቸው በአንድ መስመር ጽፋ፣ በመሃላቸው ባዶ ቦታ እየጨመረች፣ በዓይን ግምት ነበር የደረደረቻቸው። በሷ ኮምፒውተር ልክ ናቸው። ማተሚያ ቤቱ ዘንድ የፊደሉ ዓይነት በሌላ ሲተካ፣ ያኛው ሰፊ ሆነና ቃሉን ገፋው፣ ምልክቶቹ የድሮ ቦታቸው ቀሩ። ገበያው ተነሥቶ ሌላ ቦታ ሲሄድ ባለጉልቷ እዚያው እንደቀረች አድርጉት።

በማግስቱ የኔታ መጡ። «ልጄ፣ ታተመ?»

«አልታተመም፣ የኔታ። አበላሽቼዋለሁ። እያንዳንዱ ምልክት ከፊደሉ ጋር ታስሮ እንደገና መጻፍ አለበት።»

«ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«አምስት ወር።»

መቋሚያቸውን ተደገፉ። «ዓይኔ አምስት ወር የለውም» አሉ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻላት ነበር። ከዚያ፣ «ጀምሪ» አሏት።

እዚሁ ከተማ ካለ ዘመዳቸው ቤት እየተነሡ ጧት ጧት ይመጣሉ፣ የጻፈችውን በማጉያ መነጽር ያርማሉ። መቶ አሥር ገጽ ያህል እንዲህ ሄዱ። አንድ ሰኞ ወረቀቱን ገልብጠው ያዙት። እኔም እሷም አየን፣ ማናችንም ትንፍሽ አላልንም። እሳቸው ግን ዝምታችን ነገራቸው መሰለኝ፣ ወረቀቱን አስቀመጡና፣ «እንግዲህ አንብቢልኝ» አሏት።

«ማዜም አልችልም እኮ፣ የኔታ።»

«ዜማውን እኔ አውቀዋለሁ። አንቺ ፊደሉንና ላዩ ላይ ያለውን ጥሪልኝ።»

«መጀመሪያው ላይ ይዘት፣ ሦስተኛው ላይ ድፋት፣ አምስተኛው ላይ ርክርክ» እያለች የምልክቶቹን ስም ትጠራለች። እሳቸው ቀስ ብለው ያዜማሉ። ከሰመረ «ቀጥዪ» ይላሉ፣ ካልሰመረ እጃቸውን ያነሣሉ። ውል ሊያስጽፍ የመጣ ሰው እንኳ ቆሞ ይጠብቃል። አንድ ደላላ ብቻ፣ «እማማ፣ እዚህ ቤት ቤተ ክርስቲያን ሆነ እንዴ?» ቢለኝ፣ «አዎ፣ ኮፍያህን አውልቅ» አልኩት። አወለቀ።

ሲያልቅ የፊደሉንም ዓይነት ከጽሑፉ ጋር አሽጋ፣ የትም ኮምፒውተር ቢከፈት በማይነቃነቅበት መልክ ላከችው፤ ፒዲኤፍ ነው የሚሉት። የሙከራው ወረቀት ሲመጣ፣ ራሷ በወረቀት ካወጣችው ጋር ደርባ መስኮቱ ላይ በፀሐይ አየችው። አንዱ ካንዱ ዝንፍ አላለም። የኔታ አጠገቧ ቆመዋል፣ ፀሐዩንም አላዩትም።

መጽሐፉ ከፋሲካ በኋላ ወጣ። አንኮበር አብሬያት ሄድኩ። አራት ተማሪዎች እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ይዘው የኔታ ፊት ተቀመጡና በአንድነት ጀመሩ። ሠናይት ጣቷን ገጹ ላይ አድርጋ ትከተላለች። እስከ ገጹ መጨረሻ የኔታ እጃቸውን አላነሡም።

«ቀጣዩን ግለጡ» አሏቸው።