ሦስት መካኒኮችን ያቃተው የአጎቴ ካምቢዮ

ዛሬ ሦስት መካኒኮች ኮፈን ውስጥ ጭንቅላታቸውን ቀብረው ያላገኙትን በሽታ እኔ ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩት፣ ባጃጅ ላይ ተቀምጬ አገኘሁት።

አጎቴ ጀማል ሠላሳ ዓመት በማንዋል ታክሲ ሠርቶ ዘንድሮ አውቶማቲክ ገዛ። በሳምንቱ ካምቢዮው መጋል ጀመረ። ደቻቱ ድልድይ ሲደርስ የሙቀት መብራቱ ቦግ ይላል፣ የተቃጠለ ዘይት ይሸታል።

አንዱ መካኒክ "ዘይቱ ነው" አለ። ሁለተኛው "ራዲያተሩ ነው"። ሦስተኛው ጫቱን ጉንጩ ውስጥ እያስተካከለ "ካምቢዮው ይውረድ!" ብሎ ፈረደ።

አቦ፣ እሁድ የአጎቴ ልጅ ሰርግ ነው! "የልጄን የሙሽራ መኪና ከኔ በቀር ማንም አይነዳም" ብሎ ለሰፈሩ ሁሉ ፎክሯል።

መካኒኮቹ መኪናዋን ያዩት ቆማ ነው። እኔ ግን ዛሬ ከሳቢያን ሰፈር ጀምሮ በባጃጄ ተከተልኩት። የፍሬን መብራቱ አንዴም አልጠፋ!

ዳር አስያዝኩትና በሩን ስከፍት፣ በማንዋል ፍሪሲዮን መርገጥ የለመደው ግራ እግሩ ፍሬኑ ላይ ተጋድሟል። በአንድ እግር እየነዳት በሌላው እየያዛት፣ እንዴት አትቃጠል?

"አጎቴ፣ ይሄ እግርህ ጡረታ መውጣቱን ማን ይንገረው?"

ተናደደ። ግን ባጃጄን አቁሜ ጎኑ ስገባ፣ ግራ እግሩን መጅሊስ ፍራሽ ላይ እንደተቀመጠ ሰው አጥፎ ነዳ። ድልድዩን ተሻገርን፣ መብራቱ አልበራም ወላሂ!

ያመሰግነኛል ብዬ ስጠብቅ "ክፍል ውስጥም ከኋላ ነበር የምትቀመጠው፣ ዛሬ ጠቀመህ" አይለኝም?

እሁድ ሙሽሪትን አባቷ አንድ እግሩን አጥፎ ይወስዳታል። እናንተስ ቤት ዕቃው ደህና ሆኖ ባለቤቱ የተበላሸ አለ? ጻፉልኝ፣ አጎቴ ብቻውን አይሳቅበት።