የፕላስቲኩ ሣርና የእትዬ ባይነሽ ጉድጓድ

መርሳ ውስጥ ስለ አፈር ክርክር ከተነሳ «ደሞዜን ጥሩት» ይባል ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲሪንቃ መንገድ ዳር ችግኝ ሲያፈላ የኖረ ሰው ነው። ጭብጥ አፈር ያነሳና ምራቁን ጠብ አድርጎ በጣቶቹ መሃል እያሸ፣ «ይቺ ማንጎ ታበቅላለች፤ ይቺ ግን ሰው ታስቀይማለች» ይላል። ጉረኛ ነበር፣ አይካድም። ግን ጉራው ፍሬ ያለው ጉራ ነበር።

በ2013 ዓ.ም. ሰኔ ላይ፣ ጦርነቱ ገና ከሩቅ ሲወራ፣ የእንግዳ ማረፊያ ያላቸው ጋሽ ንጉሴ አስጠሩት። የባቡር ሐዲዱ መሐንዲሶች እንዲዝናኑበት ከጓሯቸው የጎልፍ መጫወቻ ሊያሠሩ ነው። ጎልፍ! ያውም መርሳ ላይ! ትንሿን ኳስ በዱላ ገፋ አድርጎ ጉድጓድ ውስጥ መክተት ነው አሉት። ሣሩም የፕላስቲክ ነው፤ ከአዲስ አበባ ተጠቅልሎ መጥቷል። ደሞዜ ሳቁን ዋጠና ሥራውን ተቀበለ።

ጓሮው ተዳፋት ነው፤ አፈሩ ዋልካ። ዋልካ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲርስ ያብጣል፣ ውሃ አያሳልፍም። መድኃኒቱን ደሞዜ ከማንም በላይ ያውቃል፤ ዋልካውን ክንድ ያህል ቆፍሮ ማውጣት፣ ድንጋይና ጠጠር መሙላት፣ ውሃውን በቱቦ ወደ መንገዱ ቦይ መውሰድ፣ ሣሩን ከዚያ በኋላ ማንጠፍ ነው። ጋሽ ንጉሴ ግን «እንግዶቼ ሰኞ ይገባሉ!» ብለው አጣደፉት። እሱም የላይ የላዩን ደለደለ፣ አሸዋ ነሰነሰ፣ ሣሩን ዘረጋው። ወይ ሲያምር!

ሐምሌ ሲገባ ሣሩ ላይ ውሃ ቆመ። ጋሽ ንጉሴ ጮኹበት። ሁሉንም አንስቶ እንደገና መቆፈር የሳምንት ሥራ ነው፤ «አላወቀበትም» መባል ደግሞ ለደሞዜ ሞት ነው። ስለዚህ የታችኛውን የድንጋይ አጥር ሥር በመዶሻ ፈልጦ ቀዳዳ ከፈተ። ውሃው እየተንዶቀዶቀ ከታች ወዳለው የጎረቤታቸው የእትዬ ባይነሽ ጓሮ ወረደ።

እዚያ ጓሮ ምን እንዳለ ያውቃል። ከሳምንት በፊት፣ ጦርነቱ ወደ ወልድያ ተጠጋ ሲባል፣ እትዬ ባይነሽ የዓመት ማሽላቸውን በጉድጓድ አስቀብረዋል። የቆፈረው የግራናው ሙሄዲን ነው። በሀብሩ ወረዳ እንደ እሱ የእህል ጉድጓድ የሚያውቅ አልነበረም። ቆፍሮ እሳት ያነድበትና እርጥበቱን ያባርራል፤ ግድግዳውን ጭድ ያለብሳል፤ አፉን በጠፍጣፋ ድንጋይ ገጥሞ በጭቃና በእበት ይመርገዋል። ያን ቀን ደሞዜ ራሱ ማሽላውን እየተሸከመ አቀብሏል። ታዲያ አጥሩን ሲፈልጥ «ጉድጓዱ ራቅ ይላል፣ አይደርስም» ብሎ ራሱን ሸነገለ። አፈር አዋቂው!

ነሐሴ ላይ ከተማው በታጣቂዎች ተያዘ። ጋሽ ንጉሴ ሸሹ፤ ገበያው ተዘጋ። ሰው ያለችውን እየቆነጠረ ኅዳር ደረሰ። እትዬ ባይነሽም ቤት ውስጥ ያለው ሲያልቅባቸው «በሉ ጉድጓዱ ይከፈት» አሉ። ጎረቤቱ ሁሉ ያንን ማሽላ ተስፋ አድርጎ ተሰበሰበ። ሙሄዲን ድንጋዩን ሲያነሳው የወጣው ሽታ ሰዉን ወደ ኋላ መለሰው። ማሽላው ጠቁሮ፣ ሻግቶ፣ ተጋግሮ ነበር።

«ሙሄዲን፣ ምን በደልኩህ?» አሉ እትዬ ባይነሽ።

«ወላሂ እትዬ፣ ስቀብረው ደረቅ ነበር!» ዙሪያውን ሲቃኝ ደሞዜን አየው። «ደሞዜ፣ አንተም ነበርህ፤ አፈር ታውቃለህ። ደረቅ አልነበረም?»

ሰው ሁሉ ወደ ደሞዜ ዞረ።

«እኔ… አፈር አላውቅም» አለ።

ኧረ ምን ዓይነት ምላስ ነው! ያን ዕለት መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ግን አልተከፈተችም፤ እያፈረ ወደ ቤቱ ገባ።

ከዚያ ወዲያ ሙሄዲን «እጁ እህል ያበሰብሳል» የሚል ስም ወጣለት። ታኅሣሥ ላይ ታጣቂዎቹ ለቀው ወጡ፤ ሰዉ ጉድጓድ ሲያስቆፍር ግን ከሐራ ሌላ ሰው ያስመጣ ጀመር። ሙሄዲን ገበያ ውስጥ ተሸካሚ ሆነ። ጋሽ ንጉሴም ተመለሱ። ቤታቸው ተዘርፏል፤ ሣሩ እንዳለ አረንጓዴ ነው። «ደሞዜ፣ እጅህ ይባረክ!» አሉት። ምርቃቱ እንደ እርግማን ገባው።

አንድ ቅዳሜ ማለዳ ሣሩን ጠርጎ፣ አጥሩ ቀዳዳ ላይ የተጠራቀመውን ቆሻሻ ሊያወጣ ጎንበስ ሲል፣ በዚያው ቀዳዳ ሙሄዲንን አየው። አንድ ቁና ማሽላ ለእትዬ ባይነሽ አስረክቦ ቀና ሳይል ወጣ። በየሳምንቱ እንዲህ እንደሚያደርግ ደሞዜ ያን ዕለት ሰማ። ከልጆቹ አፍ እየነጠቀ ያላጠፋውን ይክስ ኖሯል።

ደሞዜ ዶማውን አነሳ። ጋሽ ንጉሴ «አበድህ እንዴ?» እያሉ ሣሩን ከዳር እስከ ዳር ገሸለጠው። ቀዳዳውን በድንጋይ ደፈነ። ከነጭቃው ሄዶ እትዬ ባይነሽ እግር ላይ ወደቀና ሁሉንም ነገራቸው።

«ማሽላውስ ማሽላ ነው፤ ሄደ» አሉ እትዬ ባይነሽ። «የሙሄዲንን ቁና ግን በልቼዋለሁ። እንዴት አድርጌ ከሆዴ ላውጣው? ተነስ! እኔ እግር ላይ ምን ትሠራለህ? ወደ እሱ ሂድ!»

ገበያው ጢም ብሏል። ሙሄዲን ጆንያ ተሸክሞ ጎንበስ ብሎ ሲመጣ ደሞዜ ፊቱ ቆመ።

«ደረቅ ነበር» አለው ቀስ ብሎ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ። «ውሃውን የለቀቅሁበት እኔ ነኝ።»

ሙሄዲን ጆንያውን አወረደ። ላቡን ጠረገና ዙሪያውን የሚተራመሰውን ገበያተኛ አየ።

«ያኔ ስትክደኝ ሰው ሁሉ ሰምቶሃል» አለ። «አሁንም ጮክ ብለህ በለው።»